የወልደአማኑኤል ቃላት

ወልደአማኑኤል ወደ ሚዛን ተፈሪ ከተማ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ተመድቦ ነው። የጉራጌ አገር ሰው ነው። ካቶሊክ ሚሲዮን ያደገ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ ሰው ነበር። በትምህርት ቤቱ የነበረው መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ሲሆን የእሱም የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ተማሪዎቹ እቤታቸው ቤንችኛ፣ ሸኮኛ ወይም ካፍኛ የሚያወሩ፣ አማርኛውን ራሱ ከተማ ገብተው የለመዱ ናቸው። እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር፤ ማትሪክ ላይ የሚጥላቸውም እሱው ነው።

ስለዚህ የራሱን ዘዴ አወጣ። ከከድር ሱቅ ባዶ የሳሙና ካርቶን እየለመነ ያመጣና በመቀስ እየቆረጠ፣ በአንዱ ቁራጭ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በሌላው ላይ ደግሞ የቃሉን ፍቺ በዚያው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ክፍል ሲገባ ለግማሾቹ ተማሪዎች ቃሉን፣ ለግማሾቹ ፍቺውን ያድልና «በሉ፣ ጓደኛችሁን ፈልጉ» ይላቸዋል። ያን ጊዜ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። «ኦርፋን» የሚለውን የያዘው ልጅ፣ «እናትና አባት የሞቱበት» የሚለውን የያዘችውን እስኪያገኝ በወንበሮቹ መካከል ይዞራል። የተገናኙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ከጎን ያለው ክፍል መምህር ስለ ጫጫታው ደጋግሞ ቢከስም ወልደአማኑኤል አልተወውም።

ውድነሽንም ያወቃት በዚሁ ጨዋታ ነው። እሷ የማታ ተማሪ ነበረች፤ ቀን ቀን ቡና መጋዘን ለቀማ ትውላለች። አንድ ቀን የተማሪው ቁጥር ጎደሎ ሆነና የእሷ ካርቶን ጥንድ አጣ። ቃሏ «ላንተርን» ነበር። ሁሉም ተገናኝቶ እሷ ብቻዋን መሐል ላይ ስትቆም ወልደአማኑኤል ከኪሱ አንድ ካርቶን አወጣና «በእጅ የሚያዝ መብራት፤ እኔ ጋ ነው» አላት። ክፍሉ ሳቀ። በዓመቱ ተጋቡ። እናቷ ወይዘሮ ተሾመች «ካቶሊክ ነው፣ አገሩም ሩቅ ነው» ብለው ትንሽ ቢያጉረመርሙም ሰውየው ሲመጣ ሲሄድ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ስለሚስም በኋላ ወደዱት። ከተጋቡም በኋላ ውድነሽ «ቲቸር» ማለቷን አልተወችም፤ ሲያስቃትም ሲያናድዳትም ቲቸር ነው የምትለው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የክፍል ፈተና ላይ «አዛምድ» በሚለው ትእዛዝ ሥር «ታይራንት» የሚል ቃል ነበረ። ፍቺው በጭካኔ የሚገዛ ገዥ ማለት ነው። ቃሉ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰደ ነበር። የፈተናውን ወረቀት ማን ወስዶ ለማን እንዳሳየው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሳምንቱ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች እቤት ድረስ መጡ። አንደኛው ወረቀቱን አውጥቶ «ይኼን ቃል ከማን ጋር አዛምዱ ማለትህ ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ከፍቺው ጋር» አለ ወልደአማኑኤል።

ሰውየው የተቀለደበት መሰለው። ወልደአማኑኤልን ይዘውት ሄዱ። መጀመሪያ እዚያው ከተማ፣ በኋላ ሌላ ቦታ መወሰዱን ውድነሽ ከሰው ሰማች። ስንቅ ይዛ እስከ ጅማ ሄዳ ያለበትን የሚነግራት አጥታ ተመልሳለች።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ሲል ከቡና ጭነት መኪና ላይ ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ውድነሽ መጋዘን ውስጥ ሆና አንዲት ሴት «ባልሽ መጥቷል» ስትላት ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ሮጠች። እሱ የቤታቸው በር ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ከጆሮው በላይ ፀጉር የማይበቅልበት ሰፊ ጠባሳ አለ፤ ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። አያትና «ውድነሽ» አለ። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሱ ሌላም ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። «እንትን» አለ። «እንትን… እንትን።»

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባት። ሰው ያውቃል፤ እጁን ታጥቦ ይበላል፤ ልብሱን ይለብሳል። ቃል ግን የለውም። ውሃ ሲፈልግ «በር» ይላል። በሩን ትከፍትለትና የፈለገው እሱ እንዳልሆነ ፊቱን አይታ ታውቃለች። አማን ከተማ ወስዳ ሐኪም አሳየችው። ሐኪሙ ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰና «ጭንቅላቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። መድኃኒት የለኝም። እንደ ሕፃን ልጅ ቃል ያስተምሩት፤ አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም» አላት። ሚዛን እስኪደርሱ ድረስ በመንገድ ያየችውን ሁሉ ስሙን እየጠራች አሳየችው፤ ላም፣ ቀርከሃ፣ ድልድይ፣ ወታደር። ወታደር ስትል እጇን ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ታፈሰ ሊጠይቁት መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ዘመን ከእስር የተፈታ ሰው ቤት መግባት ራሱ ድፍረት ነበር። ወልደአማኑኤል ተነሥቶ በግራ እጁ ጨበጣቸውና ፈገግ አለ። እሳቸው ትንሽ ተጫውተው ሲወጡ ውድነሽን ወደ ደጅ ጠሯት።

«ቦታው ገና ለሌላ ሰው አልተሰጠም» አሏት። «ዘንድሮ መምህር የለንም፤ ለዚህ ነው የምሟገተው። ግን ከአውራጃ ሰው መጥቶ ሲያስተምር ማየት አለበት ተብሏል። የፊታችን ጥቅምት ላይ ይመጣል። ማስተማር ከቻለ ይመለሳል።»

«ካልቻለስ፣ ጋሼ?»

«ይችላል በይ እስቲ» አሉ አቶ ታፈሰ።

ካርቶኖቹ አልጋ ሥር በሁለት የጨርቅ ከረጢት ታስረው ተቀምጠው ነበር፤ በአንዱ ቃላቱ፣ በሌላው ፍቺዎቹ። ውድነሽ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ወልደአማኑኤል ሲያያቸው ወንበሩን ሳብ አደረገና ተቀመጠ። የራሱን ጽሕፈት በጣቱ ተከትሎ ዳሰሰ። የእንግሊዝኛው ቃል ሲመጣ አማርኛውም ተከትሎ ይመጣል ብላ አሰበች፤ ምክንያቱም እሱ በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የወደደው እነዚህን ቃላት ነው።

«ኦርፋን» ብላ አነበበችለት። ከፊቱ ሦስት ፍቺ ደረደረችለት። «የትኛው ነው?»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁ በሦስቱም ላይ ዞሮ አንዱንም ሳያነሣ ይቀር ነበር። እሷ ታነሣለታለች። «ይኼ ነው፤ እናትና አባት የሞቱበት ልጅ።» በማግሥቱ ያንኑ፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የመሠረተ ትምህርት ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ እነሱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው ያዛምዳሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከረጢቶቹን ራሱ ፈትቶ፣ «ኦርፋን»ን ከፍቺው ጋር፣ «ዊዶው»ን ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር፣ «ሃርቨስት»ን ከአዝመራ መሰብሰብ ጋር አጋብቶ ጎን ለጎን ደርድሮ ጠበቃት። ውድነሽ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ትክክል ናቸው።

«ብቻህን ነው ያደረግኸው?»

ራሱን ነቀነቀ። ደረቱን በግራ እጁ መታ አደረገ። «እኔ» አለ።

ያን ቀን የተሰማት ደስታ ከሠርጓ ቀን ይበልጥ ነበር። ለእናቷ ነገረች፤ ለከድር ነገረች፤ ከድርም «አላህ ይመስገን» ብሎ አዲስ ካርቶን ያለ ምንም ጥያቄ ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚያዛምዳቸው ቃላት ጨመሩ። መስከረም ሲገባ ሁለቱ ከረጢቶች ሊያልቁ ጥቂት ቀሯቸው። አማርኛው ግን እንደዚያው ነበር። «ውሃ» ለማለት አሁንም «በር» ይላል። ይኼም ይከተላል አለች ለራሷ።

የመስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ካደሩት ካርቶኖች አንዳንዶቹን አራሰ። ጠዋት ሲነሡ ቀለሙ ፈስሶ ፊደሉ አይታይም። ውድነሽ አልተጨነቀችም። ከድር ከሰጣት ካርቶን ቆርጣ፣ የጠፉትን በተቻላት መጠን የሱን ጽሕፈት አስመስላ ገለበጠች። ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ።

«ዊዶው» አለችና አዲሱን ካርቶን ሰጠችው።

ተቀብሎ አየው። ገለበጠው። ጀርባውን አየው። ከፊቱ ባሉት ፍቺዎች ላይ እጁ ዞረ፤ አንዱንም አላነሣም።

«ዊዶው ነው እኮ፤ ትናንት ያደረግኸው። ባሏ የሞተባት።»

አያት። እንደ መጀመሪያው ቀን ነው ያያት። ሌላ አዲስ ካርቶን ሰጠችው፤ አላወቀውም። አሮጌ ካርቶን ስትሰጠው ወዲያው ጥንዱን አነሣ። ውድነሽ «ኦርፋን» የሚለውን አሮጌውን ካርቶን አነሣችና ብርሃኑ ላይ ያዘችው። አንደኛው ጥግ የታጠፈ ነው፤ በፍቺው ላይ ደግሞ የሳሙናው ፋብሪካ ሰማያዊ መስመር አለ። «ሃርቨስት» የዘይት ጠብታ አለበት። እያንዳንዱ ካርቶን የራሱ እድፍ፣ የራሱ ቅዳጅ ነበረው።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር አደረገች። በአሮጌዎቹ የፍቺ ካርቶኖች ላይ ባዶ ወረቀት ሸፍና፣ ጠርዛቸው ብቻ እንዲታይ አድርጋ ደረደረቻቸው። ፊደል አንድም አይታይም። «ኦርፋን» የሚለውን ሰጠችው። ወልደአማኑኤል ጥቂትም ሳያመነታ ሰማያዊው መስመር ወዳለበት ጠቆመና እንድታመሰግነው ቀና ብሎ አያት።

ቃሉን አንድ ቀንም አንብቦት አያውቅም። ያዛመደው እድፍን ከእድፍ ጋር ነበር።

«ጎበዝ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው? ከዚያ ማድቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

በማግሥቱ አቶ ታፈሰ ዘንድ ልትሄድ ተነሣችና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። እውነቱን ብትናገር ያኔውኑ ያልቃል። ዝም ብትል ግን ምናልባት ከአውራጃ የሚመጣው ሰው እንዲሁ አይቶ ይሄዳል፤ ምናልባት ክፍል ውስጥ ሲቆም የሆነ ነገር ይነቃለታል። ስለዚህ ሄደች፤ ግን እውነቱን አልነገረቻቸውም።

«ጋሼ፣ በራሱ ካርቶን ያስተምር። ድሮም በዚያ ነው የሚያስተምረው» አለቻቸው።

«በራሱ ካርቶን ያስተምራል» አሉ አቶ ታፈሰ። «እኔም እሱን አስቤ ነበር።»

ቀኑ ሲደርስ ኮቱን ተኮሰችለት። ጫማውን ራሱ ጠረገ። ከአውራጃ ከመጣው ተቆጣጣሪ ከካሣዬ ጋር አቶ ታፈሰ ክፍሉ ኋላ ተቀመጡ፤ ውድነሽን በሩ አጠገብ እንድትቆም ፈቀዱላት። ተማሪዎቹ ወልደአማኑኤል ሲገባ ብድግ አሉ። ብዙዎቹ ከመታሰሩ በፊት አስተምሯቸዋል፤ ያልተማሩትም ሰምተውታል። እሱ በግራ እጁ ተቀመጡ የሚል ምልክት ሰጣቸው፤ ያ ምልክት ልክ እንደ ድሮው ነበር። ውድነሽ ለአፍታ ያህል የሚሆን መሰላት።

የፍቺ ካርቶኖቹን አደላቸው። ቃላቱን እሱ ያዘ። አንዱን አንሥቶ ያሳያል፤ ተማሪዎቹ በኅብረት ያነቡታል፤ እሱ በወንበሮቹ መካከል እየሄደ በየእጃቸው ያለውን ያይና ጥንዱን የያዘውን ልጅ ትከሻ ይነካል። ልጁ ተነሥቶ ፍቺውን ያነባል። «ኦርፋን።» ትክክል። «ሃርቨስት።» ትክክል። እንዲህ እያለ ብዙ ሄደ። አቶ ታፈሰ ወደ ተቆጣጣሪው ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። ካሣዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፈገግ አለ።

ሊያበቃ ሲል ግን ካሣዬ እጁን አነሣ። «መምህር፣ በጣም ጥሩ ነው። ሃርቨስት የሚለውን ቃል በዐረፍተ ነገር አስገብተው ያስረዱልን።»

ወልደአማኑኤል ካርቶኑን አየ። ገለበጠው። ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ ጠመኔ አነሣ፣ እንደገና አስቀመጠው። «እንትን» አለ። «እንትን…»

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ሎሚ የምትባል ተማሪ፣ የገጠር የቤንች ልጅ፣ ሳትጠየቅ ተነሣችና በእንግሊዝኛ «አባቴ ቡና ይሰበስባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ከኋላዋ ሌላ ልጅ ተነሥቶ ሌላ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። ከዚያ ሌላ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል፤ መምህራቸው መናገር እንዳያስፈልገው ብለው ክፍሉን በዐረፍተ ነገር ሞሉት። አንዳንዱ ስሕተት ነበር፤ ማንም አላረመውም።

«ይበቃል፣ ልጆች» አለ ካሣዬ በዝግታ። «እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

ወልደአማኑኤል ዙሪያውን አየ። በር ላይ የቆመችው ውድነሽ ላይ ዓይኑ ሲያርፍ የሆነ ነገር ያስታወሰ መሰለ። «በር» አለ። ካሣዬ አቀረቀረ። ከፊት ወንበር ያለ አንድ ልጅ ግን ተነሥቶ ሊከፍትለት ወደ በሩ ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወልደአማኑኤል ካርቶኖቹን በብብቱ ይዞ ቀጥ ብሎ ይራመድ ነበር። ፊቱ ደስ ብሎታል። ሁሉንም እንዳዛመደ ያስባል። መንገድ ላይ ቆም ብሎ አያት፤ ደረቱን መታ አደረገና «እኔ» አለ።

«አዎ፣ አንተ» አለችው። «ሁሉንም አገኘኸው፣ ቲቸር።»

ውሳኔው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። በሕመም ምክንያት ከሥራ ተሰናብቷል ይላል። አቶ ታፈሰ ራሳቸው ይዘውት መጥተው፣ ሳያነቡላት ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። ወልደአማኑኤል ግን ያን ጊዜም ጠዋት ጠዋት ኮቱን እየለበሰ ይወጣ ነበር። ዘበኛው መጀመሪያ ሰሞን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ ሲያልፉ ያነጋግሩታል። በኋላ «የታሰረ ሰው ግቢ ውስጥ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው መጣና ዘበኛው እያዘነ ከበር መለሰው። ውድነሽ ሥራ ስትሄድ እናቷ ይጠብቁት ጀመር። እናቷ ሲሞቱ የሚጠብቀው ሰው ጠፋ።

ያኔ ቴፒ ወዳለው ወንድሟ ወደ ከፈለኝ ሄዱ። ከፈለኝ የቡና መሬት አለው፤ «ይምጣ፣ ሰው የሚሠራው አያጣም» ብሎ ነበር። ቀይ ቡና እንዲለቅም ቅርጫት ሰጡት። ወልደአማኑኤል ቀዩንም አረንጓዴውንም እኩል እየቀነጠሰ ቅርጫቱን ሞልቶ አመጣ። አሳዩት፤ በማግሥቱም እንደዚያው። ከፈለኝ ታጋሽ ሰው ነው፤ ብዙ ቀን ታገሠ። በመጨረሻ ለእህቱ «ከቤት ይዋል፣ ቅርንጫፉን እየሰበረብኝ ነው» አላት።

ውድነሽ ማስተማሩን ተወች። መቼ እንደተወች ራሷም አታውቅም፤ ቴፒ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ሳይቀመጡ ቀሩ፣ በማግሥቱም አልተቀመጡም። እሷ ግን ቃላቱን አውቃቸዋለች። ቡና ስትለቅም ሳታስበው ይመጡባታል፤ ሁለቱም ከረጢቶች ከነፍቺያቸው ጭንቅላቷ ውስጥ አሉ። ማንም እንግሊዝኛ የማይጠይቃት ቦታ ናት። ከፈለኝ አንድ ጊዜ «የማታ ትምህርትሽን ለምን አትጨርሺም?» ብሏት ነበር። «በየትኛው ሰዓት?» አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ደጅ ላይ ቡና እየለየች ሳለ ወልደአማኑኤል መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «እንትን» አለ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ነበር። ውሃ አመጣችለት፤ አልጠጣም። ኮቱን አመጣችለት፤ መለሰላት። ዳቦ፣ በርጩማ፣ ምርኩዝ፣ አንድ በአንድ አሳየችው፤ ሁሉንም ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለ። በሩን ከፈተችለት፤ እሱም አይደለም። «ያምሃል?» አለችና ጠባሳውን ዳሰሰች፤ እጇን በቀስታ አነሣው። «እንትን» አለ እንደገና፣ አሁን እየለመናት። ውድነሽ ዙሪያዋን አየች፤ ያልጠራችው ዕቃ አልቀረም።

«አላወቅሁልህም» አለችው። «ይቅር በለኝ፣ አላወቅሁልህም።»

ወልደአማኑኤል መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። እሷ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።